አዳኝ ሲጠብቅ

በሚኒሶታ የሌሊት ፈረቃ መሥራት ከጀመርሁ ወዲህ አጋዘኖችን የማውቃቸው በመኪናዬ መብራት ነበር። በበረዶው ወራት አመሻሽ ላይ ወደ ሥራ ስሄድ፣ ማለዳም ስመለስ፣ ከመንገዱ ዳር ቆመው ዓይናቸው ያበራል። የሰዓታችን መገጣጠም አጋጣሚ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ዓመት፣ በዲሴምበር የመጀመሪያ ሳምንት፣ አብረውኝ የሚሠሩ ሽማግሌ አዳኝ ይዘውኝ ሄዱ። በአፈሙዙ ባሩድ የሚጎርስ ጠመንጃ ይዘን፣ ደማቅ ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሰን ከጥድ ጫካ ጥግ ተቀመጥን። የገና ጾም ገብቶ ስለነበር ብገድልም እንደማልበላ አውቃለሁ።

ሽማግሌው በሹክሹክታ ሰዓቱን አስተማሩኝ። ነጭ ጅራቱ አጋዘን አብዝቶ የሚንቀሳቀሰው ጎህ ሲቀድና ጀምበር ስታዘቀዝቅ ነው። በኖቬምበር አጋማሽ ወንዶቹ በስሪያ ሰክረው ቀኑን ሙሉ ይዞራሉ። ብርዱ ሲጠና ግን መኖው ይመናመናል፤ አጋዘኑም ጉልበቱን ይቆጥባል። ነፋስ ከማያገኘው ጥድ ሥር ተኝቶ ያረፍድና ፀሐይ ጥቂት ስትሞቅ፣ ከቀትር በኋላ፣ ይወጣል። የበረዶ ማዕበል ሊመጣ ሲል አስቀድሞ ይመገባል፤ ማዕበሉ ሲያልፍም ርቦት ይነሣል።

«ሰዓቱን የሚነግርህ ሆዱ ነው» አሉኝ።

ብርዱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ነበር። ማለዳው ባዶውን አለፈ፤ የእግሬ ጣቶች አልሰማ አሉኝ። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ አንዲት እንስት ከጥዱ ወጣች። በጀርባዋ ላይ በረዶ ተጋግሯል፤ ጥቅጥቅ ያለው ፀጉሯ ሙቀቷን አፍኖ ስለሚይዝ አልቀለጠም። ጥቂት ትራመድና ትቆማለች፤ ደግሞ ትራመዳለች። ፈቃዴ እንስትንም ይጨምር ነበርና ተኮስሁ።

ጭሱ ሲገለጥ ወድቃለች። አጠገቧ ስደርስ አባቴ በግ ሲያርድ የሚላት ቃል ወደ አፌ መጣች፤ «በስመ አብ» ብዬ እስከ መጨረሻው አደረስኋት። ዘግይቼ ነበር። ሽማግሌው ግን ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ። ሥጋው እስከ ገና በማቀዝቀዣ ውስጥ ቆየ።

ከዚያ ቀን በኋላ አንድ ነገር አልለቀቀኝም። ያቺን እንስት ያገኘኋት የሚርባትን ሰዓት አውቄ ስለጠበቅኋት ነው። እኔም በዚያ ጨለማ መንገድ የምመላለሰው ለእንጀራ ነው፤ የእኔንም ሰዓት የሚያውቅ ያገኘኛል።

በቋንቋችን «አዳኝ» የሚለው ቃል «ዳ» ሲላላ ነፍስ የሚያተርፍ ነው፤ ሲጠብቅ ነፍስ የሚያጠፋ። በጽሑፍ ግን ሁለቱ አይለዩም። ዛሬም ማለዳ ስመለስ እነዚያን ዓይኖች ከሩቅ ባየሁ ጊዜ ፍጥነቴን እቀንሳለሁ፤ ከኋላዬ ያለው ሾፌር ጡሩምባውን ቢነፋም እስኪሻገሩ እጠብቃለሁ።