ግራ እጄ

ቡራዩ ማታ መብራት ሲጠፋ፣ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ኪቦርዴን ጭኔ ላይ አድርጌ እለማመዳለሁ። አምስት ዓመት ሙሉ ቀኝ እጄ ሲዘፍን ግራዬ እንደ ሎሌ ኮርድ ሲያቀብለው ኖሯል። ሠርግ ላይ ያስጨፍራል፤ እኔም ፒያኖ የቻልኩ መስሎኝ ነበር።

አምና አስተማሪዬ የሀንጋሪያዊውን የቤላ ባርቶክን «ሚክሮኮስሞስ» ሰጡኝ። ከ1926 እስከ 1939 እ.ኤ.አ. የተደረሱ፣ ከቀላል ወደ ከባድ የሚሄዱ 153 አጫጭር ድርሰቶች በስድስት ቅጽ ይዟል። «ከሦስተኛው ጀምር» አሉኝ። ገጹን እንኳ የማይሞሉትን አይቼ «የልጅ ነገር!» ብዬ ናቅሁ። ስነካቸው ግን ጉድ ፈላ። ግራው የራሱ ዜማ አለው፤ ቀኙን ይከተለዋል፣ ይቀድመዋል፣ ይሞግተዋል። አንዷን ገጽ ለማስማማት ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ።

ባርቶክ በየገጠሩ እየዞረ የገበሬ ዜማ የሰበሰበ ሰው ነው። በአምስት ድምፅ የተሠራውን 78ኛውን ስጫወት እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ «አንተ፣ ይሄ ደግሞ የማን አገር ትዝታ ነው?» አለችኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ሰበታ ሠርግ ተጠርቼ ግራ እጄን ትንሽ ለቀቅ አደረግሁት። ዘፋኙ ዞሮ ገላመጠኝ። ለሚቀጥለው ሠርግ እስካሁን አልደወለልኝም። እንጀራዬ ነውና ያሳስበኛል፤ ግራ እጄን ግን ወደ ሎሌነቱ ልመልሰው አልቻልኩም።