የንባብ ደብተሬ

ባለፈው መስከረም በክፍላችን ስለ ንባብ ወሬ ሲነሣ፣ አፌን ሞልቼ የተናገርኩትን የምታስታውሱ አትጠፉም። «በ2017 ዓ.ም. ሃያ አራት መጻሕፍት አነባለሁ» ብዬ ነበር፤ በወር ሁለት መሆኑ ነው። አሁን ትምህርት ሊዘጋ ጥቂት ቀናት ስለቀሩት ሒሳቤን ሳልሸሽግ በዚህ ገጽ አቀርባለሁ።

አባቴ ልብስ ሰፊ ናቸው። አሳቤን በነገርኳቸው ጊዜ እጅግ ደስ ብሏቸው ደህና ደብተር ገዙልኝ። እኔም የመጻሕፍቱን ስም በተራ ጽፌ፣ በጎኑ «ተነበበ» የሚል ዓምድ አሰመርኩ። ያሳሳተኝ ይህ ዓምድ ነው፤ እያደር ከማንበቡ ይልቅ ምልክት ማድረጉ ደስ ይለኝ ጀመር።

አጀማመሬስ መልካም ነበር። በመጀመሪያ ያነበብኩት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮም ያሳተሙትን «ልብ ወለድ ታሪክ» ነው። መጽሐፉ ትንሽ ስለሆነ በአንድ ቀን የምጨርሰው መስሎኝ ነበር፤ ዳሩ ግን ቃላቱ አስቸግረውኝ፣ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ወንድሟን ፍለጋ እስክትሄድ ድረስ ሳምንት አለፈ። ቀጥሎም በ2014 ዓ.ም. በተከፈተው በአብርሆት ቤተ መጻሕፍት ቅዳሜ ቅዳሜ እየተቀመጥኩ የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» ጨረስኩ። በ1975 ዓ.ም. እንደታተመ ከገበያ የተሰበሰበ መጽሐፍ መሆኑን፣ ደራሲውም በ1976 ዓ.ም. የገቡበት መጥፋቱን አውቅ ስለነበር፣ እያንዳንዱን ገጽ የገለጥኩት በፍርሃት ነው።

ከኅዳር በኋላ ግን ችኰላ ያዘኝ። ከ«አደፍርስ» አርባ ገጽ ያህል አንብቤ «ተነበበ» ብዬ ምልክት አደረግሁ፤ ዳኛቸው ወርቁ ይቅር ይበሉኝ። ሌሎቹንም እንዲሁ። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ደግሞ መጀመሪያው የረዘመ መስሎኝ፣ በዛብህ ሰብለ ወንጌልን ማስተማር ከጀመረበት አካባቢ ተነሥቼ እየዘለልኩ አገባደድኩት።

በየካቲት አንድ ምሽት አባቴ በስፌት መኪናቸው ላይ እንዳሉ ደብተሬን እንዳሳያቸው ጠየቁኝ። የዚህን መጽሐፍ ስም ባዩ ጊዜ ፊታቸው በራ። እርሳቸው አላነበቡትም፤ በልጅነታቸው ከጎረቤት ቤት ተሰብስበው፣ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ነው የሰሙት።

«ለመሆኑ የበዛብህ እናት የተሳለችው ምን ብላ ነበር?» አሉኝ።

«ረሳሁት፣ አባባ» አልኩ።

«ትናንት የጨረስከውን?»

መኪናው ቆመ። አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «በል አምጣውና ከመጀመሪያው አንብብልኝ» አሉኝ።

በዚያ ሌሊት በዛብህ ገና ሕፃን ሳለ እናቱ ለእግዚአብሔር የተሳለችው ልጅ መሆኑን ከአባቴ እግር ሥር ሆኜ አነበብኩ። ለካስ በሰብለ ፍቅር ሲያዝ የሚያስጨንቀው የፊታውራሪ መሸሻ ቁጣ ብቻ ሳይሆን ያ ስለት ኖሯል! እኔ ያን ሁሉ ጭንቀቱን ፈሪነት ብዬው ነበር።

ከአምስት መቶ ገጽ የሚበልጠውን መጽሐፍ ለመጨረስ ሦስት ወር ያህል ፈጀብን። አባቴ ጉዱ ካሣ በተናገረ ቁጥር መርፌውን አቁመው፣ «ይህን ድገመው» ይሉኛል። አንዳንዴም፣ «ወጋየሁ እንዲህ አላነበበውም» እያሉ ድምፄን ያርሙኛል፤ ታናሽ እኅቴም ትስቅብኛለች። መብራት በጠፋ ጊዜ በሻማ ቀጥለናል። ሰብለ ወንጌል በመነነች ምሽት ግን ማንም አልሳቀም፤ አባቴም የያዙትን ልብስ ሳይጨርሱ ተነሡ።

ከዚያ በኋላ ደብተሬን አውጥቼ ከአሥራ ሦስቱ ምልክቶች ሰባቱን ሰረዝኩ። በእውነት ያነበብኳቸው፣ ከአባቴ ጋር የጨረስነው ተጨምሮ፣ ሰባት ብቻ ናቸው። በመስከረም ስፎክር የሰማችሁኝ ጓደኞቼ፣ መሳቅ ትችላላችሁ።

ለ2018 ዓ.ም. ስምንት መጻሕፍት መርጫለሁ። «ተነበበ» የሚለውን ዓምድ ትቼ፣ በምትኩ ከየመጽሐፉ ያልገባኝን የምጽፍበት ሰፊ ቦታ አስምሬያለሁ። የመጀመሪያው «አደፍርስ» ነው፤ ከገጽ አንድ። አባቴ ደግሞ ማታ ማታ «ኦሮማይ»ን እንዳነብላቸው ከአሁኑ አዘውኛል። እኔ ቀድሜ ያነበብኩት ስለሆነም፣ መጨረሻውን ትንፍሽ እንዳልል አስጠንቅቀውኛል።