ጎረቤትና ዘበኛ

ሌባን በማኅበር መፈለግ ለአገራችን ሰው እንግዳ ሥራ አይደለም። አባቶቻችን አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ የሚሉት ሥርዓት እንደ ነበራቸው አንባቢዎቻችን ከሽማግሌዎች አንደበት ሳይሰሙ አልቀሩም። ከብት ተሰርቆ ወይም ቤት ተቃጥሎ አድራጊው ሳይታወቅ ሲቀር የአገሩ ሰው በሙሉ በአንድ ስፍራ ይሰበሰብ፥ የቀረም መቀጫ ይከፍል፥ ነገሩ እስኪወጣ ድረስም ወደ ሥራው እንዳይመለስ ይከለከል ነበር። ምስጢር የሚያውቅ ሰው ወፍ ነገረኝ ብሎ ለተመረጡት ሰዎች በጆሮአቸው ይናገራል፤ ወፉ ማን እንደ ሆነ አይጠየቅም። ወንጀለኛው ካልተገኘ ጉዳቱን አገሩ አዋጥቶ ይክሳል። የአንዱን መሰረቅ የሁሉ ኪሳራ ማድረጉን እኛ እናደንቃለን። ዳሩ ግን ገበሬው በእርሻ ወራት ሥራ ፈትቶ ይጉላላ ነበር፤ ወፉም አንዳንድ ጊዜ ቂም ያደረበት ወፍ መሆኑ አይቀርም። ስለ ሌባ ሻይ ብዙ ልንል አንፈልግም፤ መድኃኒት ጠጥቶ ልቡ የዞረ ብላቴና የገባበትን ቤት ጌታ ሌባ ብሎ መያዝ ሲከለከል ያዘነ ሰው ቢኖር ሌባ ሻዩ ራሱ ሳይሆን አይቀርም።

በከተማችን በጎንደር ደግሞ በነገሥታቱ ዘመን እጨጌ ቤት የተባለው ሰፈር መማጸኛ ነበር። በደል ሠርቶ እዚያ የደረሰን ሰው አሳዳጁ አይነካውም። ይህ ልማድ ወንጀለኛን ይሸሽግ እንደ ነበር አይካድም፤ ነገር ግን በቁጣ የተነሣ ሰው እስኪበርድ ድረስ ንጹሑን አድኖት ይሆናል።

እኛ የማራኪ ነዋሪዎች ስለ ሰፈራችን ጥበቃ ስንመክር አስቀድሞ የሚነሣው መዋጮው፥ ቀጥሎም የዘበኛው ካፖርትና ፊሽካው ነው። ካፖርቱ ቀላል ነገር እንዳይመስል፤ የጎንደርን የታኅሣሥ ሌሊት ደጅ ቆሞ ያሳለፈ ሰው ያውቀዋል። ስለ ፖሊስ ሲነሣ ግን የሽማግሌዎቹ ድምፅ ዝቅ ይላል። ዕድሜአችን በሠላሳዎቹ ውስጥ የሚገኝ እኛ የዚህን ዝምታ ምክንያት የተረዳነው ጠይቀን ነው። በሐምሌ 1967 ዓ. ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ነዋሪዎችን በማኅበር አደራጀ፤ ቀበሌም ከዚያ ተወለደ። ወዲያው ከነዋሪው መካከል የተመለመሉ አብዮት ጠባቂዎች ጠመንጃ ያዙ። በ1969 እና በ1970 ዓ. ም. በቀይ ሽብር ጊዜ እነዚህ የሰፈር ጠባቂዎች የሰፈሩን ወጣቶች ከየቤታቸው እያወጡ ወሰዱ። በጎንደር የፈሰሰው ደም የሚዘነጋ አይደለም። በጎረቤታችን የሚኖሩ አንዲት እናት ወንድማቸውን በዚያ ዘመን አጥተዋል፤ ጥቆማ የሚለውን ቃል ሲሰሙ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ይስባሉ። እንግዲህ እኒህን እናት ከፖሊስ ጋር ተባበሩ ማለት ትልቅ ልመና ነው።

ይሁንና አደጋውም ልመናውን የሚያዘገይ አይደለም። በ2016 ዓ. ም. መገባደጃ በከተማችን አንዲት ሕፃን ታግታ ተገድላ ሕዝቡ ወደ አደባባይ ወጥቶ ኀዘኑንና ቁጣውን ገለጸ። ከዚያ ወዲህ ወላጅ ልጁን ትምህርት ቤት ራሱ ማድረስ ልማድ አድርጎታል። ፖሊስም ለብቻው የየግቢውን ሰው ሊያውቅ አይችልም፤ ይልቁንም በእኛ ሰፈር፥ የዩኒቨርሲቲው የማራኪ ግቢ ስላለ፥ ክፍል ተከራይቶ የሚመጣውና የሚሄደው ብዙ ነው። ተከራዩን አከራዩ፥ አከራዩን ዕድርተኛው ያውቀዋል። ማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስ የሚባለው አሠራር የቆመው በዚህ ዕውቀት ላይ ነው።

የሚያሳስበን ሌላ ነው። ሌባ ሌባ የሚል ጩኸት ሲሰማ ዱላ ይዞ የሚወጣው ጎረቤት የት ላይ እንደሚቆም ማወቅ ይገባዋል። በ1954 ዓ. ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ማንኛውም ሰው እጅ ከፍንጅ የተገኘን ወንጀለኛ ያለ መጥሪያ እንዲይዝ ፈቅዶ፥ ሳይዘገይ ለፖሊስ እንዲያስረክብ አዟል። በ1987 ዓ. ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም የተያዘ ሰው፥ የጉዞው ጊዜ ሳይታሰብ፥ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ደንግጓል። በድንጋይና በዱላ የተቀበለ ሰው ግን ፍርድ ቤት ሳይደርስ ፍርዱን ተቀብሏል።

በመጨረሻው ስብሰባችን ዘበኛው ከዱላና ከባትሪ በቀር መሣሪያ እንዳይዝ፥ የተያዘም ሰው በዚያው ሌሊት ከሁለት ምስክሮች ጋር ወደ ፖሊስ ጣቢያ እንዲወሰድ ተስማማን። ጥቆማ የሚሰጥ ሰው ስሙ ይጻፍ ወይስ አይጻፍ በሚለው ግን እስከ ምሽት ተከራከርን። ግማሹ ስሙ ካልተጻፈ ሐሰተኛው ይበዛል አለ፤ ግማሹ ስሙ ከተጻፈ እውነተኛው ይጠፋል አለ። እኒያ እናት ስሙን አንድ የታመነ ሰው ብቻ ይያዘው ብለው ሐሳብ አቀረቡ። ሰውየው ማን ይሁን ተብሎ ሲጠየቅ ሁሉም ወደ እርሳቸው ተመለከተ፤ እርሳቸውም እስከሚቀጥለው እሑድ ላስብበት ብለው ተነሡ።