የሪያድ ዓርብ

ሪያድና አዲስ አበባ ሰዓታቸው አንድ ነው፤ ከቦሌ የተነሣ ሰው የእጅ ሰዓቱን መነካካት አያስፈልገውም። የሚምታታው ቀኑ ነው። እዚህ አገር የዕረፍት ቀኑ ዓርብና ቅዳሜ ሲሆን (እ.ኤ.አ. እስከ 2013 ሐሙስና ዓርብ ነበር) እሑድ ሁሉም ሥራ ይገባል። ቤተሰብ ተሰብስቦ ውጭ ምሳ የሚበላው እንግዲህ በጾም ቀናችን ነው። እህቴ ይህን ጣጣ የፈታችው በቻይና ምግብ ቤት ነው። «ቅቤ የለው፣ ወተት የለው፤ ምን ትፈልጋለህ?» አለችኝ።

ከባጥሃ ሰፈር በሜትሮ መጣሁ። ባቡሩ ሾፌር የለውም። ስድስቱ መስመሮች ተደማምረው 176 ኪሎ ሜትር ናቸው፤ የመጀመሪያዎቹ ሥራ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 ነው። እኔን የገረመኝ ግን የፉርጎው ክፍፍል ነው፤ አንደኛ ማዕረግ፣ የቤተሰብ፣ የላጤ። ሚስቴን አዲስ አበባ ትቼ መጥቻለሁና ከላጤዎቹ ጋር ቆሜ ሄድኩ።

ምግብ ቤቱ ሁለት በር አለው። ድሮ አንዱ የቤተሰብ፣ ሌላው የወንዶች ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ ለየብቻ መግቢያ የማበጀት ግዴታው ቀረ። የእህቴ ባል እንደነገረኝ፣ ሳያገባ በፊት እዚሁ ቤት ለዓመታት በወንዶቹ በር እየገባ በልቷል፤ ከግድግዳው ወዲያ ምን እንዳለ ያየው ከሠርጉ በኋላ ነው። «ወንበራቸው ስፖንጅ ነበረው» አለ፣ አሁንም ቅር እንዳለው።

የጁምዓ ሶላት እስኪያልቅ በሩ አልተከፈተም። ሰባት ሰዓት ሲያልፍ ገባን። ቀይ ፋኖስ ተሰቅሏል፤ ቻይናዊ ግን አንድም የለም። አስተናጋጁ ፊሊፒናዊ ነው። አሳማና አልኮል አይታሰብም። ለልጆቹ የታዘዘው የዶሮ ማንቹሪያን እንኳ በማንቹሪያ አይታወቅም፤ ካልካታ የተወለደ ኔልሰን ዋንግ የሚባል ቻይናዊ ምግብ አብሳይ እ.ኤ.አ. በ1975 ሙምባይ ላይ ፈጠርኩት የሚለው ወጥ ነው። እኛ ቻይናን በመንገድና በባቡር ሐዲድ ነው የምናውቃት። እዚህ ደግሞ በሕንድ በኩል ዞራ፣ በፊሊፒናዊ እጅ ትቀርባለች።

የጾም ትእዛዝ ቀላል አይደለም። እህቴ በዐረብኛ መረመረችው፦ «ቢዱን በይድ»፣ ያለ እንቁላል። ሩዙ በዶሮ መረቅ ነው የሚቀቀለው? ሶሱስ? አስተናጋጁ ግራ ተጋብቶ ረመዳን እኮ አይደለም አላት። የክርስቲያን ጾም መሆኑን ስትነግረው ፊቱ በራ፤ የእሱም እናት በዐቢይ ጾም ዓርብ ዓርብ ሥጋ አትቀምስም። ከዚያ በኋላ ወደ ማድ ቤት የተመላለሰው በራሱ ፈቃድ ነው።

ቶፉው መጣ። የስድስት ዓመቷ የእህቴ ልጅ «ኻሎ፣ አይብ እየበላህ ነው!» ብላ አጋለጠችኝ (የእናት ወንድም በዐረብኛ ኻሎ ነው፤ «አጋሼ» የምትለኝ እናቷ ስትቆጣት ብቻ ነው)። አልተሳሳተችም፤ አሠራሩ ከአይብ ጋር ይቀራረባል። የአኩሪ አተር ወተት ይፈላና እንዲረጋ ማርጊያ ይጨመርበታል፤ ከጥንት ከሚታወቁት ማርጊያዎች አንዱ ለምግብ የተዘጋጀ ጀሶ ነው። ጀሶ! እኛ እንጀራ ውስጥ ገባ ሲባል አገር የምናምሰው። ይህን ለማንም ሳልናገር ዋጥኩት።

ጠረጴዛው መሐል ላይ የሚሽከረከር መስተዋት አለ። በእኛ ቤት ሰው መሶቡን ይከባል፤ እዚህ መሶቡ ራሱ ሰውን ይዞራል። ልጅቷ በኃይል ስታሽከረክረው ሩዙ አመለጠኝ፤ ቾፕስቲኬን ዘርግቼ እስኪመለስ ጠበቅሁ። አስተናጋጁ ሳይጠየቅ ሹካ አመጣልኝ።

እህቴ ልጆቿን ታጎርሳለች፣ ባሏን ታጎርሳለች፣ እኔንም አጎረሰችኝ። የራሷ ሳህን ግን እንደ ነጣ ነው። ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው፤ ሻዩንም አልነካችው። በመጨረሻ አንድ ቶፉና አንድ አትክልት «ሰፈሪ» ብላ አስጠቀለለች፣ የሚወሰድ ማለቷ ነው። እኔና ባሏ ሒሳቡን ስንታገል (አሥራ አምስት በመቶው ቫት አገሬን አስታወሰኝ) እሷ ሰዓቷን አየች።

ቤት ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። አማተበች፤ ከማቀዝቀዣው እንጀራ አውጥታ ትሪ ላይ ዘረጋች፣ ቶፉውን ከነሶሱ ገለበጠችበት። የጠገብነው ሁላችንም እጃችንን ታጥበን ከበብናት።