ጣሪያዋን ያላየናት መኪና



ሆለታ ላይ ነጭ ፒክአፕ ብርቅ አይደለም። ከጦር ትምህርት ቤቱ ይወጣል፣ ከግብርና ምርምር ማዕከሉ ይወጣል፣ ወደ አምቦ የሚያልፈውም ብዙ ነው። ሰሌዳውን መለየት ለማንም አያስቸግርም። ጥቁር ጽሑፍ ያለው ኮድ 4 የመንግሥት ነው፣ ሰማያዊው ኮድ 2 የግል፣ አረንጓዴው ኮድ 3 የንግድ። የሚያስቸግረው የፖሊስ ሆኖ የፖሊስ ምልክት የሌለው ነው።

እኛ ይህን ትምህርት የወሰድነው በ2004 ዓ.ም. ነው። የመፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴው አባላት በዚያ ዓመት ሐምሌ ላይ ሲታሰሩ ገና ተማሪዎች ነበርን። ከጁሙዓ ስንወጣ ጫማችንን ከመፈለጋችን በፊት ዐይናችን መንገድ ዳር የቆሙትን መኪኖች ይቆጥር ነበር። ምልክቱን ታላላቆቻችን አስተማሩን፦ ሞተሩ ሳይጠፋ የቆመ፣ አራት ወንድ ተቀምጦበት ማንም የማይወርድበት፣ መስታወቱ የጠቆረ፣ አንቴናው የበዛ። አንዱ ጓደኛችን ደግሞ «ጎማውን እዩ» ይል ነበር፤ የግል ባለመኪና ጎማው እስኪላጥ ነው የሚነዳው፣ አዲስ ጎማ ያለው አሮጌ መኪና የመንግሥት ነው ባይ ነው። አንዴ በዚህ እውቀታችን ተመክተን ከአንዲት መኪና ሸሽተን መስጂድ ተመልሰን ገባን። ሰዎቹ ተከትለውን መጡ። ለካ የሠርጉ ቤት የጠፋባቸው እንግዶች ኖረዋል!

አምና ስድስት ሆነን፣ ዕቁባችንን አዋጥተን፣ ድንች የምናመላልስባት ፒክአፕ ገዛን። የሸጠልን ነጋዴ ከአንድ መሥሪያ ቤት ጨረታ ነው ያወጣት። ጥንቃቄ አላጎደልንም። ሊብሬውን ከሻንሲና ከሞተር ቁጥሩ ጋር አመሳከርን፣ ዕዳና እገዳ እንደሌለባት አጣራን፣ ቀረጧ መከፈሉን አየን። «ለጊዜው በውክልና ያዟት» ሲለንም እምቢ ብለን ስሙን አዛወርን። ይህንን ወንድሞቻችን ልብ በሉት፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2081 መኪና ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ የሚያደርገው ባለቤቱን ነው። ሌላ ሰው ነድቶት ቢገጭም ያው ነው።

ጣሪያዋን ግን አላየንም። መጀመሪያ ያጠብናት ቀን አራት ቀዳዳ በስቱኮ ተደፍኖ፣ በላዩ ቀለም ተቀብቶበት አገኘን። መብራት የተነቀለበት ነው። ዳሽቦርዱ ሥር የተቆረጠ የሬዲዮ ሽቦ አለ። በሯ ላይ ፀሐይ በጎን ሲመታት የተላጠ ጽሑፍ ጥላ ይታያል።

ከዚያ በኋላ ያየነውን አንረሳውም። ከረንቡላ ቤት አጠገብ ስናቆማት ጨዋታው ይቋረጣል። የባጃጅ ልጆች ሰላምታቸው ይቀዘቅዛል። የምናውቃቸው ልጆች ናቸው፣ ወላሂ! መጀመሪያ ሰሞን ሳቅንበት። አንዳችን እንዲያውም መንገድ ስለሚለቁልን ተመችቶት ነበር፣ አላህ ይማረን።

ሳቁ ያቆመው ቡራዩ ላይ ነው። ድንች ስናራግፍ አንዲት እናት መስኮቱን አንኳኩ። ልጃቸው ከተወሰደ ሦስተኛ ሳምንቱ ነበር። የወሰደችው መኪና ነጭ ናት አሉን፣ እንደዚህች ያለች። «ልጆቼ፣ አትፍቱት፤ የት እንዳለ ብቻ ንገሩኝ።» የድንች ነጋዴዎች ነን ብለን ማልን፣ ጆንያውን ከፍተን አሳየናቸው። ድንቹን አዩት፣ እኛን አዩን፣ አላመኑንም። ብናምናቸውስ እኛስ ምን ነበር የምንላቸው?

የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በ2015 ዓ.ም. ሰዎች ተወስደው የት እንዳሉ ሳይታወቅ ስለሚቆዩበት ሁኔታ መግለጫ ማውጣቱ ይታወሳል። ፖሊስ ወንጀለኛ ለመከታተል ምልክት በሌለው መኪና ቢሠራ በራሱ ነውር የለውም፤ በየትም አገር ያለ ነው። ነውሩ ያለው ሰው ከተያዘ በኋላም ሲደበቅ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ የተያዘ ሰው ምክንያቱ በሚገባው ቋንቋ ወዲያው እንዲነገረው፣ በ48 ሰዓት ውስጥም ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ይላል፤ ወደ ፍርድ ቤቱ የሚወስደው የጉዞ ጊዜ ብቻ አይቆጠርም። አንቀጽ 21 ደግሞ የትዳር ጓደኛው፣ የቅርብ ዘመዱ፣ ጓደኛው፣ የሃይማኖት አማካሪው፣ ሐኪሙና ጠበቃው እንዲጎበኙት ይፈቅዳል። ሁለቱን ቁጥሮች በወረቀት ጽፈን ከስልካችን ጋር ሰጠናቸው። አልደወሉም።

በዚያው ሰሞን ልንሸጣት ተስማማን። ክርክሩ የተነሳው እዚህ ላይ ነው። ሞተሯ ጤነኛ ነው፣ ወረቀቷ ንጹሕ ነው፤ ታዲያ ለገዢው ምኑን ነው የምንነግረው? ከፊላችን «ባለበት ሁኔታ ብለን እንሽጥ፣ እኛም እንዲሁ ነው የገዛነው» አልን። ኡስታዛችን ጋር ሄድን። ገበያ ላይ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እጃቸውን ወደ እህል ክምር አስገብተው ከሥር እርጥበት ያገኙበትን ሐዲስ አስታወሱን። ከዚያም ነውር ማለት የተሰበረ ዕቃ ብቻ ሳይሆን በነጋዴዎች ዘንድ ዋጋ የሚቀንስ ነገር ሁሉ እንደሆነ ነገሩን፤ ሻጭ እያወቀ የደበቀውም «ባለበት» በሚል ቃል አይነጻም አሉ። «ጣሪያው ቢታወቅ ዋጋዋ ይቀንሳል?» ብለው ጠየቁን። ዝም አልን። ይቀንሳላ!

አንዳችን፣ ሰዎች በመኪና መጠርጠራቸው ግን የእነሱ ጥፋት ነው አለ፤ በሱረቱል ሑጁራት ብዙ ጥርጣሬ ተከልክሏልና። ኡስታዛችን ፈገግ ብለው አንቀጹን ጨርሰው እንዲያነብ አዘዙት። 12ኛው አንቀጽ ከጥርጣሬው ቀጥሎ ስለላንም ይከለክላል።

ገዢው ከሱሉልታ የመጣ ወጣት ነበር። ሁሉንም ነገርነው፦ ቀዳዳውን፣ ሽቦውን፣ የከረንቡላ ቤቱን ዝምታ፣ የእናትየውን ነገር ጭምር። ወደ መጫኛዋ ወጥቶ ስቱኮውን በጣቱ ዳሰሰው። «ሰው ተይዞባታል?» አለን። አናውቅም አልነው። ዋጋ አስቀነሰን፣ ቀነስንለት። ከዐስር በኋላ ተመልሶ መጣና ቀለሟን እንደሚቀይር ነገረን። ከቀየርክ ሊብሬው ላይ አስመዝግብ አልነው።