ሦስት ጉልቻ፣ አንድ ኩሽኔታ

ለመሆኑ ቅርጽ መሥራት የማን ሥራ ነው? ብለን ብንጠይቅ የብዙዎቻችን መልስ የታወቀ ነው። «የሥነ ጥበብ ተማሪዎች ነዋ!» እንላለን። እነሱ ሰፊ ክፍል አላቸው፤ የሚዞር ማቆሚያ አላቸው፤ መምህር አላቸው። እኛ የቋንቋና የታሪክ ተማሪዎች ግን ያለን ደብተርና እስክሪብቶ ነው። እንዲህ እያልን ነገሩን ሳንጀምረው እንተወዋለን። ይህ መልስ እንደማያዛልቅ በእጃችን ስላየነው ለእናንተ ለጓደኞቻችን ልንጽፍ ተነሣን።

ነገሩ ወዲህ ነው። አራት ነን። ከአራታችን የአንዷ አባት ካረፉ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ከአባቷ የቀራት ምስል አንድ የመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ብቻ ነው፤ ያውም ማኅተሙ አገጫቸውን የሸፈነው። «እማዬ ጠዋት ማታ የምታየው ይህችኑ ነው። እየደበዘዘች ነው። ሳትጠፋ የአባዬን መልክ በአፈር ልሥራው» አለችን። ማን እምቢ ይላል?

የሰው ራስ የሚያህል ቅርጽ ከ10 ኪሎ በላይ እርጥብ አፈር ይፈጃል። መሬት ላይ ተቀምጦ ይሠራ ቢባል ወገብ ይቆርጣል። የዶርም ጠረጴዛ ላይ ይሁን ቢባል ጠረጴዛው ይወዛወዛል። ከሁሉም በላይ ቅርጽ እንደ ሥዕል አንድ ፊት ብቻ አይደለም፤ ጎንም ጀርባም አለው። ስለዚህ ከዓይን ትይዩ ከፍ ብሎ መቆም አለበት፤ መዞርም አለበት።

እንግዲህ ማቆሚያውን እንዴት እንደሠራነው እንናገር። ከግንባታ የተረፉ ሦስት የባሕር ዛፍ አጠናዎች ለምነን አገኘን። እያንዳንዳቸውን 1 ሜትር ከ10 ቆረጥናቸው። ለምን ሦስት? አራት እግር ያለው ነገር ወለሉ ትንሽ ከጎረበጠ ይንገዳገዳል፤ ሦስት እግር ግን የትም ይቆማል። እናቶቻችን ጉልቻን ሦስት ያደረጉት በከንቱ አይደለም! እግሮቹን ከላይ ሰብሰብ፣ ከታች ፈርከክ አድርገን ወፍራም ሳንቃ ላይ መታናቸው። ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ በሦስት አግዳሚ እንጨቶች አያያዝናቸውና በላዩ ጣውላ ዘርግተን ትልቅ ድንጋይ ጫንንበት። ታቹ ከከበደ ላዩ አይወድቅም።

ገንዘብ ያወጣነው ለሚዞረው ነገር ብቻ ነው። መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ወርደን ያረጀ የጭነት መኪና ኩሽኔታ፣ በውስጡ ጥብቅ ብሎ የሚያልፍ ወፍራም ብሎን፣ ዳዶና ሮንዴላ ገዛን። ሠፈር ውስጥ ልጆች ጋሪ የሚሠሩበት ትንሹ ኩሽኔታም ይዞራል፤ ነገር ግን ጭነቱ ወደ አንድ ጎን ሲያደላ ስለሚዘም ሰፋ ያለው ይሻላል። በሳንቃው መሐል ኩሽኔታው የሚቀመጥበትን ጉድጓድ በመሮ ፈለፈልን። ጉድጓዱ ሳንቃውን ዘልቆ አይውጣ፤ የሚዘልቀው የብሎኑ ቀዳዳ ብቻ ነው። ከላይ የሚዞረው የተጣለ የጠረጴዛ ፊት ሆነ። በእሱና በኩሽኔታው መካከል ሮንዴላ ይገባል፤ አለዚያ ሁለቱ ሳንቃዎች ይፋተጋሉ። ውሃ እንዳያሳብጠው የተቃጠለ ዘይት ቀባነው። በመሐሉ አንድ ቋሚ እንጨት ተክለን ሽቦ ጠመጠምንበት፤ አፈሩ ቁልቁል እንዳይንሸራተት ከሽቦው ላይ ትንንሽ የእንጨት መስቀሎች አንጠለጠልን። አፈር ሲጫኑት እንዳይዞር ደግሞ ሽብልቅ ይበቃል።

አፈሩን ፍለጋ ቀጨኔ ወጣን። እዚያ ሸክላ የሚሠሩ አንዲት እናት አገኘን። «እማማ፣ እርስዎስ የሚዞር ነገር የለዎትም?» ብንላቸው ሣቁ። «እኔው እዞረዋለሁ፣ ልጆቼ» አሉ። በእርግጥም ማሰሮውን መሬት ላይ አስቀምጠው ጎንበስ ብለው ዙሪያውን ይዞሩት ነበር። አፈሩን ሲሰጡንም፣ «እንደ ሊጥ ነው፤ ካልታሸ አይታዘዝም» ብለው መከሩን። እንግዲህ እኛ በኩሽኔታ ያገኘነውን እሳቸው በወገባቸው ሲከፍሉት ኖረዋል ማለት ነው። ለዚህ ሙያ አገሩ የመለሰላቸው ምን ነበር? «ቡዳ» የሚል ስድብ! አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። ስድቡ ግን በአዋጅ ብቻ አልሞተም። እጅን አፈር ማስነካት ለተማረ ሰው ውርደት የሚመስለን ከሆነ፣ የዚያ ስድብ ርዝራዥ እኛም ውስጥ አለ።

ከቀጨኔ ስንመለስ ስድስት ኪሎ፣ የሰማዕታቱ ሐውልት አጠገብ ቆም አልን። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ለተጨፈጨፉት የቆመው ይህ ሐውልት የዩጎዝላቪያ ቀራፂዎች የአውጉስቲንቺችና የክርሺኒች ሥራ ነው። በየቀኑ የምናየው ከምናልፍበት ወገን ብቻ ነበር። ያን ቀን ግን አፈሩን እንደተሸከምን ዞርነው። በነሐስ የተቀረጹት ሰዎች በየጎኑ ሌላ ነገር ይናገራሉ። ያልዞረ አላነበበም።

ሥራው ሲጀመር ጓደኛችን ጉርድ ፎቶዋን ፊት ለፊት ሰቅላ ግንባሩን፣ አፍንጫውን፣ ከንፈሩን በሁለት ምሽት አወጣች። ከዚያ ሽብልቁን ነቀልንና ማቆሚያውን አዞርነው። ጎኑ ባዶ፣ ኋላው ባዶ። ፎቶው ስለ ጀርባ ምን ያውቃል? ዝም አለች። ከቆይታ በኋላ ከቅርጹ ኋላ ቆመች፤ ዓይኗን ጨፍና ሁለቱንም እጆቿን አፈሩ ላይ አሳረፈች። «ሕፃን ሳለሁ እሽኮኮ ያደርገኝ ነበር። ጆሮዎቹን ነበር የምይዘው» አለች። ጆሮዎቹን ፎቶው ከሚያሳየው ራቅ አድርጋ ወደ ኋላ ሠራቻቸው። ማጅራቱን ስትሠራ ማንንም አልጠየቀችም። እጇ ያውቀው ነበር፤ የሚጠይቀው አጥቶ ነው እንጂ።

እናቷ መጥተው አዩት። ፊቱን ብዙም አላዩም፤ በኋላ በኩል ዞረው ማጅራቱን ዳሰሱና፣ «እንዲህ ነበር» አሉ። ከዚህ በላይ ምን ትችት ያስፈልጋል?

ቅርጹ ወደ ቤቱ ሄዷል፤ ማቆሚያው ግን ባዶውን ቆሟል። የሚሠራ ሰው ካለ ይምጣና ይውሰደው። አፈሩን እርጥብ ጨርቅና ላስቲክ አልብሱት፤ ኩሽኔታውን በወር አንዴ ግራሶ ቀቡት። የሠራችሁትንም ፊቱን ብቻ አይታችሁ አትተዉት፤ አዙሩት።