ወደ እንጦጦ፣ ከሜትር ከተሠራ አንቴና ጋር

ከአራት ኪሎ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ለሚያቀና ሰው መንገዱ ቀስ በቀስ ዳገት እየሆነ ይሄዳል። አምስት ኪሎንና ስድስት ኪሎን፣ ቀጥሎም የሸማኔዎቹን ሰፈር ሽሮ ሜዳን አልፎ ወደ ባሕር ዛፉ ጫካ ይዘልቃል። በዚህ መንገድ ብዙ ሰው ይመላለሳል፤ አንዱ ለጠበል፣ ሌላው ለሩጫ፣ ሌላው ደግሞ ለሽርሽር። እኔና ሰባት ተማሪዎቼ ከጥቂት ሳምንታት በፊት በአንድ ቅዳሜ ጠዋት የወጣነው ግን ከሦስቱም ለተለየ ጉዳይ ነበር፤ ከሰማይ የሚላክ ሥዕል ለመቀበል።

የማስተምረው ፊዚክስ ነው። በትምህርት ቤታችን የራዲዮ ክበብ ያቋቋምን ዕለት ስማቸውን ያስመዘገቡት ተማሪዎች 23 ነበሩ፤ በዚያ ቅዳሜ የቀሩት ሰባት ናቸው። ርእሰ መምህሩ ደግ ሰው ናቸውና ክፉ ቃል አልተናገሩኝም፤ ብቻ ክበቡ የያዛት ጠባብ ክፍል ለዕቃ ማስቀመጫ እንደምትፈለግና እስከ መንፈቀ ዓመቱ መጨረሻ የተማሪው ቍጥር ካልጨመረ ቍልፉን እንዳስረክብ አስታወቁኝ። አልፈረድኩባቸውም። ጥፋቱ የኔ ነው።

መጀመሪያ ቀን ያደረግሁትን ልንገራችሁ። ከክፍሉ ፊት ቆሜ፣ የአማተር ራዲዮ ወዳጅ የሆነ ሰው ለስልክ ሳንቲም ሳይከፍል ቤቱ ተቀምጦ ጃፓን ካለ ሰው ጋር ሊነጋገር እንደሚችል በታላቅ ስሜት አስረዳሁ። ከወደ ኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ ስልኩን ከፍ አድርጎ፣ «ቲቸር፤ በዚህስ?» አለኝ። ክፍሉ በሙሉ ሣቀ፤ እኔም ሣቅሁ፤ ማታ ግን እንቅልፍ እንቢ አለኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ስለ አደጋ ጊዜ አወራሁላቸው። በ2017 እ.ኤ.አ. ማሪያ የተባለው አውሎ ነፋስ የፖርቶ ሪኮን መብራትና ስልክ ድምጥማጡን ባጠፋው ጊዜ፣ በአሜሪካ ቀይ መስቀል ጥሪ 22 አማተሮች ራዲዮናቸውን ተሸክመው እንደ ሄዱ ነገርኳቸው። በዚያው ዓመት፣ ማለት በ2009 ዓ.ም.፣ እኔ የአሥረኛ ክፍል ፈተና ስፈተን፣ ወረቀቱ እንዳይሾልክ ሲባል በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት መዘጋቱንም ጨመርኩበት። በጨዋነት አዳመጡኝ፤ በማግሥቱ ግን አራት ሰዎች ጐደሉ። እውነትም ማን ወጣት ነው ለጎርፍ ቀን ብሎ ትርፍ ጊዜውን የሚሰጥ? እኔም በእነርሱ ዕድሜ አልሰጥም ነበር።

ወደ ጉዞው ልመለስ። አንቴናችን ቁመቱ ከአንድ ልጅ የማይተናነስ ስለ ነበር የሚኒባሱ ረዳት የዕቃ ሒሳብ ጠየቀን፤ ከፈልን። አምስት ኪሎ ስንደርስ በመስኮቱ በኩል የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱን አጥር አሳየኋቸውና፣ «እዚያ ውስጥ የኢትዮጵያ አማተር ራዲዮ ማኅበር ጣቢያ አለ፤ መጥሪያው ኢ ቲ 3 ኤ ኤ ይባላል» አልኳቸው። እያንዳንዱ አገር በዓለም አቀፍ ስምምነት የተመደበለት የመጥሪያ ፊደል አለው፤ ኢ ቲ የኛ ነው። በአሜሪካ፣ በጃፓንና በጀርመን አማተር ሞልቷል፤ ኢ ቲ ግን በአየር ላይ ብርቅ ነው። እዚያ ክፍል አንድ የኢንስቲትዩቱ ተማሪ ማይክሮፎኑን ይዞ መጥሪያውን ባሰማ ጊዜ፣ ከየአህጉሩ የሚመልሱለት ድምፆች እንደ መርካቶ ገበያ ይደበላለቁበታል፤ እርሱም አንዱን ከሌላው እየለየ በተራ ያስተናግዳል። አንዲት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዬ አጥሩን ዘወር ብላ እያየች፣ «በዚህ በር ስንት ዓመት አለፍኩ!» አለች። ያ ስልኩን ከፍ አድርጎ ያሳቀብኝ ልጅ ግን (እርሱም ከሰባቱ አንዱ ነው፤ ለምን እንደቀረ እስከዚያ ቀን አልገባኝም ነበር) ቀና ብሎም አላየ፤ ጨዋታ ላይ ነበር።

ከሽሮ ሜዳ ሌላ ታክሲ ይዘን ማርያም ወጣን፤ ከዚያ በእግር። ምኒልክና ጣይቱ አዲስ አበባን ከመቈርቈራቸው በፊት የተቀመጡበት ይህ ተራራ ዛሬም ሁለት መልክ አለው። በአንድ ወገን በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው መናፈሻ ብስክሌቱንና ቡና ቤቱን ይዞ ተንጣልሏል፤ በሌላው ወገን ጀርባቸው እስኪጎብጥ ጭራሮ የተሸከሙ እናቶች ቍልቍለቱን ይወርዳሉ። እነርሱ ሲያልፉ ልጆቹ አንቴናውን ወደ ጎን አድርገው መንገድ ለቀቁላቸው። ከፍ ብሎ ደግሞ የጠፈር ምርምር ጣቢያው አለ፤ በ2012 ዓ.ም. ከቻይና የተወነጨፈችው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት መቈጣጠሪያ የተተከለው በዚሁ ተራራ ላይ ነው።

ከጫካው ጠርዝ ቆመው ወደ ደቡብ ሲመለከቱ ከተማዋ በሙሉ ትታያለች። በጭጋጉ መጨረሻ አቃቂ ነው። ጣሊያን ጦሩን በድንበር ላይ ባከማቸበት በ1935 እ.ኤ.አ. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ድምፃቸውን ለዓለም ያሰሙት ከአቃቂ በተተከለ የራዲዮ ጣቢያ ነበር፤ የሚገርመው፣ ጣቢያውን የሠራው የጣሊያን ኩባንያ ነው። ይህን ስነግራቸው ሁለቱ ሰሙኝ፤ የቀሩት ጣራ ላይ ስላሉት ዲሾች ይከራከሩ ነበር። እኔም በዲሾቹ ገባሁባቸው። ከምድር ወገብ በላይ፣ በ26 ዲግሪ ምሥራቅ፣ ማለት ከአረብ ሳት አጠገብ፣ እስሃይል 2 የምትባል የቀጠር ሳተላይት አለች። በኅዳር 2018 እ.ኤ.አ. ስትወነጨፍ ከቴሌቪዥኑ ሌላ ለአማተሮች ብቻ የተተወ መንገድ ይዛ ወጣች፤ ካለችበት ሳትነቃነቅ ለአማተሮች የምታገለግል የመጀመሪያዋ ናት። ከብራዚል እስከ ታይላንድ ያሉ አማተሮች በእርስዋ በኩል ሌሊትና ቀን ይነጋገራሉ። ለአዲስ አበባ ሰው ከአናት እምብዛም የማትርቅ ስለ ሆነች፣ እዚያ ከምናየው ዲሽ ብዙው ትንሽ ቢዞር ወሬያቸውን ሊሰበስብ ይችላል። እኔ ራሴ በመጀመሪያ የሰማኋቸው በኢንተርኔት ነው፤ ከዚያ በኋላ ነው በዲሽ የመስማት ጕጕት የያዘኝ። ስለዚህ ኢንተርኔት የራዲዮ ጠላት ነው የሚሉትን ሰዎች አልቀበላቸውም።

አሁን ስለ ሥዕሉ። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ከመሬት በላይ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይዞራል። ከጠፈር በአማተር ራዲዮ የተነጋገረው የመጀመሪያው ሰው አሜሪካዊው ኦወን ጋሪዮት ሲሆን ዘመኑም 1983 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዛሬ በጣቢያው ውስጥ የአማተር ራዲዮ አለ። በአንዳንድ ቀኖች ከዚያ በ145.800 ሜጋኸርዝ ሥዕል ይላካል። ሥዕሉ የሚላከው በድምፅ ነው፤ ከፍና ዝቅ የሚል የወፍ ፉጨት የሚመስል ድምፅ። የድምፁ ቅጥነት የቀለሙን ድምቀት ይናገራል፤ ስልክ ላይ የሚጫን አንድ ነፃ አፕ ያንን እያዳመጠ ሥዕሉን መሥመር በመሥመር ይሥላል። አንዱ ሥዕል ሁለት ደቂቃ ይፈጃል፤ ከዚያ ዕረፍት ይሆንና ሌላው ይቀጥላል።

አንቴናውን የሠራነው በራሳችን እጅ ነው። 300ን ለ145.8 ብታካፍሉት የሞገዱ ርዝመት 2 ሜትር ከ6 ሳንቲም ገደማ ይመጣል፤ ግማሹ አንድ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ከምናለሽ ተራ የአናጢ ሜትር ገዝተን ብረቱን በዚያ ልክ ቈረጥነው፤ በፕላስቲክ የውሃ ቱቦ ላይ ሦስቱን ቍራጭ አሰርንና የዲሽ ገመድ በየድንበት። ፍላሽ ዲስክ የምታህለው መቀበያ የተሠራችው ቴሌቪዥን ለማየት ነበር፤ ብዙ ሞገድ መቀበል እንደምትችል የታወቀው በ2012 እ.ኤ.አ. ገደማ ነው። እርስዋን ከውጭ ለማስመጣት አንድ መሥሪያ ቤት ስንት ወር እንዳመላለሰኝ ግን አሁን አላነሣም። ለማስተላለፍ የመንግሥት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ እኛ አድማጮች ብቻ ነበርን።

ጥበቃው ግን ይህን አላመኑም። «ይህ የምን ብረት ነው? ማን ፈቀደላችሁ?» ብለው ከዛፎቹ መካከል ብቅ አሉ። «ጋሼ፤ አስተማሪያቸው ነኝ፤ ከጠፈር ጣቢያ ሥዕል ልንቀበል ነው» ስላቸው ነገሩ ባሰ። የትምህርት ቤቱን መታወቂያ አሳየሁ። አንቴናውን ዳሰሱት። «ሜትር አይደለም እንዴ!» አሉና ከአጠገባችን ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

4 ሰዓት ከ10 ሆነ። ጣቢያው በምሥራቅ በኩል ማለፍ ጀመረ። ልጅቷ አንቴናውን ይዛ እንደ ተለማመድነው ቀስ እያለች ታዞራለች፤ ላፕቶፑ ይንሾካሾካል፤ ሌላ ድምፅ የለም። አንድ ደቂቃ፣ ሦስት ደቂቃ፣ ስድስት ደቂቃ። ምንም። ስምንተኛው ደቂቃ ላይ ጣቢያው ከአድማስ በታች ወረደ። ማንም አልተናገረም። የክፍሏ ቍልፍ በኪሴ ውስጥ ከበደችኝ።

ያን ጊዜ ያ ልጅ ጨዋታውን ትቶ ላፕቶፑ ላይ ጐንበስ አለ። «ቲቸር፤ ያሉን 145.8 አልነበረም? እዚህ የጻፉት 148.5 ነው።»

እውነቱን ነው። ቍጥሩን አገላብጬ ነበር። በሌላ ቀን ቢሆን ደሜ ይፈላ ነበር፤ በዚያ ቀን ግን ልጁን ላቅፈው ምንም አልቀረኝም። ጣቢያው መሬትን አንድ ጊዜ ለመዞር 93 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል፤ በዚያ መካከል መሬት ወደ ምሥራቅ ስለምትሽከረከር፣ ሲመለስ በምዕራብ በኩል ያልፋል። ሁለተኛ ዕድል ነበረን።

ቆሎ እየቆረጠምን ጠበቅን። ለጊዜ ማሳለፊያ የድሮዎቹን ታሪክ ነገርኳቸው፦ በ1912 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ሕግ አማተሮቹን ከ200 ሜትር ወዳነሰ ሞገድ አባረራቸው፤ ያ ሞገድ ለሩቅ መንገድ አይጠቅምም ተብሎ ይታመን ነበርና። በኅዳር 1923 እ.ኤ.አ. ግን ሁለት አሜሪካውያን አማተሮች ፈረንሳይ አገር በኒስ ከነበረው ከሌዮን ደሎይ ጋር በዚሁ በተናቀው ሞገድ አትላንቲክን ተሻግረው ተነጋገሩ። ልጁ፣ «ማንም ሳይነግራቸው ነው የሞከሩት?» ሲል ጠየቀ። አዎን አልኩት። ዝም አለ፤ ከዚያም አንቴናው ከፍ ሲልና ዝቅ ሲል ልዩነቱ ምን እንደ ሆነ ይጠይቀኝ ጀመር።

እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነው ስሕተቴ የገባኝ። ሁለት ወር ሙሉ ስልክ አሳምሮ የሚሠራውን ሥራ ለራዲዮ ሳሻሽጥ ኖሬአለሁ። ስልኩ ከጃፓን ያገናኛል፤ ነገር ግን መንገዱን አያሳይም፤ ባይገናኝም ልጁ የሚያርመው አንዳች ነገር የለም፤ ይጠብቃል እንጂ። እዚህ ግን ቍጥር ተሳሳተ፣ ተገኘ፣ ታረመ፤ ያረመውም የ16 ዓመት ልጅ ነው።

5 ሰዓት ከ43። ልጁ ላፕቶፑን፣ ልጅቷ አንቴናውን ያዙ። ስልኩ ከድምፅ ማጉያው ፊት ቀርቧል፤ የልጁ ስልክ ነው፤ ጨዋታ የሚጫወትበት። ሁለት ደቂቃ ዝምታ። ከዚያ ፉጨቱ መጣ። ጥበቃው ከድንጋያቸው ተነሡ። በስልኩ ላይ መሥመሮች መውረድ ጀመሩ፤ መጀመሪያ ነጠብጣብ ብቻ፤ ልጅቷ እጅዋን ትንሽ ስታጋድል ድንገት ጠራ፤ ሰማያዊ መደብ፣ ከበላዩ ነጭ ነገር። «አትነቅንቂው! እዚያው ያዢው!» ይጮሃሉ። ሥዕሉ ሲያልቅ የላይኛው እኩሌታ የበረዶ ማዕበል የመሰለ ነበር፤ ታችኛው እኩሌታ የመሬትን ክብ ጠርዝና የጣቢያውን መጥሪያ፣ አር ኤስ ዜሮ አይ ኤስ ኤስን፣ አጥርቶ ያሳያል። ሁለተኛው ሥዕል ሲጀምር ጣቢያው ወረደና ተቋረጠ።

ከዚያ የበለጠ ጥራት ያለውን የመሬት ፎቶግራፍ በኢንተርኔት በአንድ ደቂቃ መቶ ማግኘት ይቻላል። ይህን ማንም አላነሣውም። ጥበቃው ስልኩን ተቀብለው ራቅ ቀረብ አድርገው አዩትና፣ «እንግዲህ ይኼ አሁን ነው የመጣው?» አሉ። አሁን ነው አልናቸው።

ቍልቍለቱን ስንወርድ አንቴናውን ለመሸከም ሁለት ሰው ተጣላ። ሽሮ ሜዳ ልንደርስ ስንል ልጁ አጠገቤ መጥቶ፣ ጣቢያው ደግሞ መቼ እንደሚያልፍ ጠየቀኝ። ሰንጠረዡን አወጣሁ። «ነገ 4 ሰዓት ከ56 ላይ፣ አሁን ካለፈበት ይልቅ ወደኛ ቀርቦ። ግን እሑድ ነው።»

«ከቅዳሴ መልስ እደርሳለሁ» አለ። «የክፍሌን ልጆች ባመጣስ? ሦስት ናቸው፤ ወይም አራት።»